የአራተኛው ፎቅ ሙቅ ውሃ

ሴትዮዋ ሞተው የተገኙት ከምሳ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ ከአራት መቶ ሁለት ቁጥር በር ሥር ውሃ እየወጣ የኮሪደሩን ምንጣፍ ሲያርሰው አየች። አንኳኳች። መልስ የለም። በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ አየች፣ ቧንቧውን ዘጋች፣ ከዚያ ደረጃውን በሩጫ እስከ ታች ወረደችው። ሊፍቱን አልጠበቀችም። የዚያ ሆቴል ሊፍት ሲያሰኘው ነው የሚመጣው።

ስለ ሆቴሉ ጥቂት ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ሕንፃው አሮጌ ነው። ሦስቱ ፎቅ ድሮ የተሠሩ ናቸው፤ አራተኛው ኋላ ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጨመረ ነው። ቦታው ባዕድ ከተማ መሀል፣ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያገራችን ሰው ነው። ስለዚህ ለሕክምና የመጣ ያገር ሰው ሁሉ እዚያ ያርፋል። ሲወጣ ግማሹ ያመሰግናል፣ ግማሹ ይራገማል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አልጋው የምር ምቹ ነው፤ የአራተኛው ፎቅ ሙቅ ውሃ ደግሞ የምር መዓት ነው።

ሟቿን ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሁለቱም ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሰንብቷል። ከሴት ልጃቸውና ከልጃቸው ባል ጋር ከመጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ያረፉትም ባልና ሚስቱ አራት መቶ አራት፣ እሳቸው አራት መቶ ሁለት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ደግሞ የሟች ወንድማቸው ልጅ መጥቶ አራት መቶ ስድስት ገባ። ይሄ የሃያ ስምንት ዓመት አናጢ ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እትዬ ቤት ያደገ። የመጣው አንዱን ኩላሊቱን ሊሰጣቸው ነው። ቀዶ ጥገናው ከነገ ወዲያ ነበር።

በመጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን በሁለት መስመር ጨርሶት ነበር፤ ሴትዮዋ ሊታጠቡ ውሃ ከፈቱ፣ ጎንበስ ሲሉ አዞራቸው፣ ወደቁ። ሊሄድ ሲል ግን ልጅየዋ ከፊቱ ቆማ በገዛ ቋንቋው «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለችው። ሰውየው ክው አለ። ወደ ጣቢያው ደወለ፤ ጣቢያውም መርማሪዋን ላከ።

መርማሪዋ በዚያ ከተማ ፖሊስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ያገራችን ልጅ ናት። ሰው ሲቸኩልባት «ቀስ በሉ» ስለምትል ያገር ሰው «ቀስበሉ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ጉልበቷን ያማታል። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ሬሳ ስታይ ምንም አይሰማትም። ባልደረቦቿ ይሄ ለሥራዋ ጠቅሟታል ይላሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ግን እሷን የጠየቃት የለም።

መታጠቢያ ቤቱ ገብታ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ገንዳው ውስጥ በሌሊት ቀሚሳቸው ናቸው። ሻሻቸው ከራሳቸው አልወለቀም። ነጠላ ጫማቸው ከገንዳው ሥር፣ አንዱ ካንዱ ሳይዛነፍ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከገንዳው በላይ ሁለት የቧንቧ መክፈቻ አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። እጇን ውሃው ውስጥ ነከረችና ወዲያው አወጣችው። ጽዳቷ በር ላይ ቆማ መጥረጊያ ጨርቋን ታፍተለትላለች።

«ውሃውን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም። የትኛው ነበር ክፍት?»

«ቀዩ።»

«ቀዩ ብቻ?»

«ብቻውን። ሰማያዊው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።»

«ውሃው ያኔም ቀዝቃዛ ነበር?»

«ኧረ በረዶ ነው! ስዘጋው እጄ ደነዘዘ እኮ።»

መርማሪዋ ወደ መኝታው ተመለሰች። አልጋው አጠገብ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የክኒን ብልቃጥ፣ የውሃ ፕላስቲክና አንድ የሻይ ብርጭቆ አለ። ብርጭቆው ታጥቦ ሶፍት ላይ ተደፍቷል።

«ይሄንንስ ያጠብሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? እኔ የተጠጣበትን ሰብስቤ ወደ ታች ነው የማወርደው። እሳቸውም ነፍሳቸውን ይማረውና ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ብርጭቆ አጥበው አያውቁም። በምን አቅማቸው?»

«ሻይ ማን ነው የሚያመጣላቸው?»

«የተገኘ ሰው ነዋ። አንድ ቀን አስተናጋጁ፣ አንድ ቀን ልጃቸው፣ አንድ ቀን አማቻቸው፣ አንድ ቀን አናጢው።»

ልጅየዋ አራት መቶ አራት ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አገር ቤት የቋንቋ አስተማሪ ናት። ዕንባ የለም፣ ጩኸት የለም። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታያቸዋለች። ባዶ ሆና ደረቅ ብላለች።

«እህቴ፣ ነፍስ ይማር።»

«አሜን። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ቀስ በይ። እንዴት አድርገሽ?»

«በክኒን። ከምሳ በኋላ ትንሽ እንድትተኛ አንድ ክኒን እሰጣታለሁ። ትናንት ብልቃጡ ውስጥ ዘጠኝ ነበር፤ አሁን ስቆጥረው አምስት ነው። አንድ የሰጠኋት ይመስለኛል። ግን እንጃ። እንቅልፍ በዓይኔ ካየሁ ሦስት ወሬ ነው፤ ጭንቅላቴ አይሠራም። አራቱንም ሰጥቻት ይሆናል። እንደደነዘዘች ተነሥታ ገንዳው ውስጥ ወደቀች።»

«ክኒኑን በምን ነው የምትውጠው?»

«በውሃ። ከፕላስቲኩ።»

«ከሰጠሻት በኋላ የት ሄድሽ?»

«ሆስፒታል፤ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ላመጣ። የዚህን አገር ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሁሉም አፍ እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ያልተጠበቀ ነገር ጠየቀች።

«ሆቴሉን እንዴት አገኘሽው?»

«ሆቴሉን?»

«አዎ። አልጋውን፣ ምግቡን፣ ውሃውን።»

«እማዬ አልጋውን ትወደዋለች። እኔ የመኪናው ጩኸት አያስተኛኝም። ውሃው መጀመሪያ ሰሞን ቀልባችንን ገፎን ነበር፤ አሁን ለምደነዋል። እማዬን የማጥባት እኔ ነኝ፣ ለብ ባለ ውሃ። ሙቅ ሐኪሙ ከልክሏታል፤ 'ያዞራታል' ብሎ ሁላችንንም አስጠንቅቆናል።» ከዚያ ቀና አለች። «እርስዎ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እኔ ከሆንኩ አንቺ ነሽ ይበሉኝ። እስር ቤቱ አይደለም የሚያስፈራኝ። ገድያት እንደሆነ ሳላውቅ መኖር ነው የማልችለው።»

«ሳውቅ እነግርሻለሁ። በእውነት።»

አማችየው ከታች፣ እንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ላይ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው የዳነ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ይሄ ሆቴል ነዋ! በመጣን በሦስተኛው ቀን ሰማያዊውን ከፍቼ ፊቴን ልታጠብ ስል ተላጥኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን መክፈቻ ሳየው እጄ ራሱ ይሸሻል።»

«እዚህ መቆየቱ ሰልችቶዎት ነበር ይባላል።»

«ማን አለ? እሷ ናት?» ተነፈሰ። «ልክ ናት። ሰልችቶኛል። በአፍንጫዬ ነው የወጣው። ግን ከነገ ወዲያ ሊያልቅ ነበር እኮ። ሦስት ወር የታገስኩ ሰውዬ ሁለት ቀን ያቅተኛል? ለሚያልቅ ነገር ምን ብዬ ነው ሰው የምገድለው?»

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኩል የት ነበሩ?»

«መናፈሻው ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ብቻዬን። ምስክር ካሉኝ እርግቦቹን ይጠይቁ።»

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ መርማሪዋን እጇን ይዞ ወደ ቢሮው ጎተታት። የሰው መሞት ሳይሆን የሞቱበት አድራሻ ነው ያስጨነቀው።

«እባክሽ እህቴ፣ እንደው ሆስፒታል ሲደርሱ ነው የሞቱት ማለት አይቻልም?»

«አይቻልም። ከሳቸው ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጠብ ምን ይባላል? በአስተያየት መዝገቡ ላይ አዋረዱኝ፣ እኔም ቅር አለኝ። ይኸው፣ አንብቢው።»

መዝገቡን አምጥቶ ዘረጋላት። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችው። «አልጋው የእናት ጉያ ነው፤ ተመልሼ እመጣለሁ።» «ሊፍቱ ውስጥ አርባ ደቂቃ ከማላውቀው ሰው ጋር ታገትኩ፤ ዘመድ ሆነን ወጣን።» «ቁርሱ ጥሩ ነው፤ አስተናጋጁ ግን የተጣላን ይመስላል።» አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ፣ «ሙቅ ውሃው ሩብ ሰዓት ያህል ይዘገያል እንጂ ግሩም ነው» ብሏል። ከአራተኛ ፎቅ ደግሞ፣ «ይሞቃል ብዬ ግማሽ ሰዓት ራቁቴን ቆምኩ። እግዜር ይይላችሁ!» እትዬ በደማቁ ጽፈዋል፤ «ሥራ አስኪያጁ ሰው ይመስላል፤ ቧንቧውን ግን አያሠራም። ላገሬ ሰው ሁሉ እናገራለሁ።» ከሥራቸው አናጢው በትንንሽ ፊደል፣ «ሁሉም ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ።»

«ለምን አላሠራችሁትም?»

«አንዱን ክፍል አሠርቻለሁ! አምና አንድ እንግዳ ተቃጥሎ ልክሰስ ሲል። የቀሩትን ስንል ቧንቧ ሠራተኛው ጠፋ።»

«ታዲያ ወረቀት ጽፎ መለጠፍ ማንን ገደለ?»

«ነውር ነዋ! ሆቴል እኮ ነው። ጽዳቷ ለሚገባው እንግዳ በቃሏ ትነግራለች፣ በቃ።»

መርማሪዋ ሊፍቱን ሞክራ ስላልመጣ ጉልበቷን እየረገመች በደረጃ ወጣች። አናጢው አራት መቶ ስድስት ውስጥ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አልጋው ሰው የተኛበት አይመስልም፤ ሻንጣው ተዘግቶ በር አጠገብ ቆሟል። ስትገባ ብድግ አለ። እንደዚህ ያለ ትሑት ልጅ ማንም እናት ትመኘዋለች።

«እጄን ልታጠብ?»

«ይታጠቡ እንጂ።»

ገብታ ቀዩን ከፈተችና ውሃው እየፈሰሰ ተመልሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እስኪሞቅ እናውራ። ሆቴሉን እንዴት አገኘኸው?»

«ጥሩ ነው።»

«ሊፍቱስ?»

«ጥሩ ነው። ትንሽ ያስጠብቃል እንጂ።»

«የመኪናው ጩኸት?»

«ለምጄዋለሁ።»

«ውሃውስ?»

«እሱም ጥሩ ነው። ቀዩን ከፍቶ ሩብ ሰዓት መታገስ ነው፤ ይመጣል።»

«እትዬ ክፍል ትታጠብ ነበር?»

«እሳቸው መታጠቢያ ቤት?» ደነገጠ። «ኧረ አልገባም። እንዴት ብዬ?»

«ትወዳቸው ነበር?»

«እናቴ ናቸው። አባቴ የሞተ ቀን እጄን ይዘው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ጫማ ያደረጉልኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ለሙያ ያበቁኝ እሳቸው። ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ኩላሊት መስጠቱን አልፈራህም?»

«ለእሳቸው? ምን ይፈራል!» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኩል የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ተኝቼ።»

ከመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። መርማሪዋ ተነሥታ ገባች፣ እጇን በሚያቃጥል ውሃ ታጠበች፣ ቀዩን ዘጋች፣ አመስግናው ወጣች።

ወደ ታች ወርዳ እትዬን ወደሚያክመው ሐኪም ደወለች። ስለ ክኒኑ ጠየቀችው፤ መለሰላት። ቀጥላ ስለ አናጢው ጠየቀችው፤ ለዚህኛው ረዘም ያለ መልስ ሰጣት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዕሯን ይዛ ብዙ ተቀመጠች፤ ምንም ግን አልጻፈችም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የቁርስ ሰሃኖች ገና አልተነሡም። ልጅየዋና ባሏ አንድ ጠረጴዛ፣ አናጢው ብቻውን፣ ሥራ አስኪያጁና ጽዳቷ ግድግዳውን ተደግፈው። የትናንቱ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ወድቀው አልሞቱም» አለች መርማሪዋ። «ተገድለዋል።»

«የእግዚአብሔር ያለህ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከውሃው ልጀምር። ገንዳው የሞላው ከቀዩ ቧንቧ ብቻ ነው፤ ውሃውም በረዶ ነው። እስቲ ጽዳቷ ትንገረን፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሞቀው የትኛው ነው?»

«ሰማያዊው ነው እመቤት። ፎቁን የሠራው ሰውዬ አገላብጦ ነው የገጠመው። ለገባው እንግዳ ሁሉ 'ቀዩን እንዳታምኑት' እላለሁ።»

«እትዬ ያውቁ ነበር?»

«ሦስት ወር ኖረው እንዴት አያውቁ? መዝገቡ ላይ የጻፉት እኮ ስለሱ ነው።»

«ስለዚህ እትዬ ሊታጠቡ ቢፈልጉ ሰማያዊውን ነበር የሚከፍቱት። ቀዩን ብቻ ከፍቶ በረዶ ውሃ ውስጥ የሚገባ በሽተኛ የለም። የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ቀዩ ይሞቃል ብሎ የሚያምን ሰው። እትዬ ከሐኪሙ ተደብቀው በሙቅ ውሃ ሊታጠቡ ሲሉ አዙሯቸው ወደቁ እንዲባል ነው የፈለገው።»

አማችየው እጁን አነሣ። «ይቅርታ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ አያየውም እንዴ?»

«እዚህ ሆቴል ሙቅ ውሃ ሩብ ሰዓት እንደሚዘገይ ማን የማያውቅ አለ? መጀመሪያ ቀዝቃዛ ቢመጣ አይገርመውም። ይሞቃል ብሎ ከፍቶት ሄደ።»

«አውቆ ቢሆንስ? ሊያሳስተን?»

«አደጋ ለማስመሰል የደከመ ሰው፣ አደጋ አለመሆኑን የሚያሳብቅ ቧንቧ አይከፍትም። እንግዲህ የማያውቀው ማን ነው? ጽዳቷ አይደለችም። ሥራ አስኪያጁ አይደሉም። እርስዎም አይደሉም፤ ጠባሳዎ ምስክር ነው። ልጃቸውም በየቀኑ በዚያው ቧንቧ ታጥባቸዋለች።»

ልጅየዋ አልተንቀሳቀሰችም። መርማሪዋ ወደ እሷ ዞረች።

«አንቺ አይደለሽም፣ እህቴ። ክኒኑን በፕላስቲክ ውሃ ነው የምትሰጪያት፤ ከዚያ የሚታጠብ ብርጭቆ የለም። ትናንት ግን የሻይ ብርጭቆ ታጥቦ ነበር። ማንም የማያጥበውን ብርጭቆ አንድ ሰው አጠበው፤ ምክንያቱም ሦስት ክኒን የሟሟው እዚያ ውስጥ ነው። እትዬ ጠጥተው ሲደነዝዙ ተሸክሞ ገንዳው ውስጥ አስገባቸው። ሐኪሙ በምትሰጪያት አንድ ክኒን ሰው ቢያንቀላፋም ውሃ ሲነካው ይነቃል ብሎኛል። አንቺ የሰጠሻት አንድ ነው። አንድ ብቻ።»

ልጅየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ትከሻዋን ያዘ።

«ሌላም አለ። እትዬ ከነቀሚሳቸው፣ ከነሻሻቸው ናቸው። ሊታጠቡ ነው ለማስባል ልብሳቸውን ማውለቅ ይሻል ነበር። ጫማውን አስተካክሎ ያስቀመጠ ሰው ይሄን ሳያስበው ቀርቶ አይደለም። አልቻለም። ሊገድላቸው ደፈረ፣ ገላቸውን ሊያይ አፈረ። እንደ እናት የሚያከብራቸው ሰው ነው። አምና ቧንቧው ተስተካክሎ ቀዩ የሚሞቀው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሥራ አስኪያጁ ይንገሩን።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁ ጠፋ። «አራት መቶ… አራት መቶ ስድስት።»

«ለእሱ አልነገርኩትም» አለች ጽዳቷ እያንሾካሾከች። «የእሱ ደህና ነው፣ ምን ብዬ ልንገረው?»

አናጢው አልካደም። የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበና ሰሃኑ ላይ አስቀመጠው።

«ተደውሎ 'ደምህ ገጥሟል' ተባልኩ» አለ። «በማግስቱ ዘመድ ሁሉ ቤት ሞልቶ ይመርቀኛል። መቼ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ሥራዬ ከባድ እንጨት ማንሣት ነው፤ በአንድ ኩላሊት ምን እሆናለሁ ብዬ እፈራለሁ። ቢላውን በሕልሜ አየዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ባዩኝ ቁጥር 'ልጄ፣ ከሞት አወጣኸኝ' ይሉኛል። በምን አፌ እምቢ ልበላቸው?»

«ስለዚህ ገደልካቸው?» አለ አማችየው።

«እምቢ ከምላቸው…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። ቆይቶ፣ «ተኝተው ነበር። ምንም አላወቁም» አለ።

ይሄን ሲል እንኳ ድምፁ እንደ ትናንቱ ነው፤ ሁሉም ጥሩ ነው እንደሚል ሰው። እኔ በሰው ላይ በቶሎ የምፈርድ ነኝ፤ በዚህ ልጅ ላይ ግን ጨርሶ ለመፍረድም፣ ጨርሶ ለማዘንም አቃተኝ።

ልጅየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ቀና አለች። «ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቤት ነው ያደግነው። ጆሮዬ ላይ ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር» አለ አናጢው። «'በፈቃድህ ነው ወይ?' አለኝ። መሀላችን የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ። እትዬ እንዲድኑ ነው የምትፈልጊው። ዓይንሽን አየሁትና አዎ አልኩ።»

ፖሊሱ ወሰደው። አናጢው ሲወጣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ሥራ አስኪያጁ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ጽዳቷ ዕንባዋን በጨርቋ እየጠረገች ሰሃን ማንሣት ጀመረች። አማችየው ሚስቱን «ነይ እንውጣ» አላት፤ «ትንሽ ልቀመጥ» አለችው። መርማሪዋና እሷ ቀሩ።

«ክኒኑ አይደለም ማለት ነው» አለች ልጅየዋ።

«አይደለም። እናትሽን የገደለው ያንቺ ክኒን አይደለም።»

ደስ ያላት አትመስልም። ያዘነችም አትመስልም። «ሐኪሙ ጋ ደውለው ነበር?»

«ደውዬ ነበር።»

«ነገረዎት?»

«እሱ ያለውን ነገረኝ። አንቺ ያስተረጎምሽውን ግን እሱ አያውቀውም። የዚያን ቀን የሆስፒታሉ አስተርጓሚ አልመጣም ነበር፤ 'እኔ እችላለሁ' ብለሽ ገባሽ። ከዚያ ወዲያ የተባለውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልጅየዋ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ውጭ መኪና እንደ ልማዱ ይጮሃል።

«ሐኪሙ ሁለት ነገር ነው ያለው። 'በፈቃድህ ነው ወይ?' አለ፤ እሱን ነገርኩት። ከዚያ ደግሞ፣ 'ካልፈለግህ ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ለቤተሰቡ አልገጠመም እላቸዋለሁ፤ አንተ እምቢ እንዳልክ እስከ ዘለዓለም ማንም አያውቅም' አለ።» ምራቋን ዋጠች። «ይሄንን አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«እማዬ ደጅ ተቀምጣ ነበር። በበሩ መስታወት ትታየኛለች። ሻሿን እያስተካከለች ሳቀችልኝ።»

መርማሪዋን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሰማት ሐዘን ያዛት። ውሃ ቀድታ ለልጅየዋ ሰጠቻት።

«ይሄ ወንጀል ነው?» አለች ልጅየዋ።

«አይደለም።»

«መዝገብዎ ላይ ይጻፋል?»

«ግድ የለም፤ እኔ አልጽፈውም። ሂጂና ተኚ።»

«አይሆንም፣ ይጻፉልኝ። የሱ ሥራ ብቻ ተጽፎ እንዳይቀር።»

መርማሪዋ መዝገቧን ከፈተች። ልጅየዋ ሐኪሙ ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳታስቀር አስተረጎመችላት።